ለወላጆች በሙሉ፦ ስለ ክፍሎቻችን ሙቀት

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ባለፈው ማክሰኞ ከቀኑ 8፡30 ላይ 4ኛ «ለ» ገብቼ ነበር። መስኮት ሥር የተቀመጠ ልጅ እጁን ሲያነሳ ደብተሩ ክንዱ ላይ ተለጥፎ አብሮ ተነሳ። ሲያላቅቀው የሠራው ሒሳብ ተገልብጦ ክንዱ ላይ ታትሟል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሯም «ኋላ ኩረጃ ነው ብለው እንዳይዙት» አለች። ሳቁ ሲበርድ ግን ከኋላ ሁለት ልጆች ዴስክ ላይ ተደፍተው ተኝተዋል። ያ ሁሉ ጫጫታ አልቀሰቀሳቸውም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፉኝ እነሱ ናቸው።

ድሬ ትሞቃለች ብዬ ለእናንተ አላወራም። ግንቦትና ሰኔ ገና ከፊታችን ናቸው። አንድ ጥፋቴን ግን ልናገር። አምና ባዋጣችሁት ገንዘብ ለየክፍሉ ቬንቲሌተር ገዛን። ሐሳቡ የኔ ነበር። ማክሰኞ ዕለት ከቤተ ሙከራ ቴርሞሜትር አምጥቼ 4ኛ «ለ» ውስጥ ሰቀልኩት። ቬንቲሌተሩ እየተሽከረከረ 37 ዲግሪ አሳየኝ። ግቢ ውስጥ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ደግሞ 33። ልጆቹ ከውጭ ይልቅ ቤት ውስጥ እየተቃጠሉ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቬንቲሌተር አየር አያቀዘቅዝም። እንዲያውም ሞተሩ ትንሽ ሙቀት ይጨምራል። የሚጠቅመን ላባችንን ስለሚያደርቅልን ነው፤ ላብ ሲተን ከገላችን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው በሌለበት ክፍል ማስነሳት ቆጣሪ ማስቆጠር ብቻ ነው። አየሩ ከ35 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ነፋሱ ራሱ ትኩስ ነው። ልጁ ውኃ ጠጥቶ ካላላበው ብዙም አይፈይድለትም።

ጥፋተኛው ጣሪያው ነው። ባዶ ቆርቆሮ ጸሐይዋን ሲጠጣ ውሎ ልጆቹ አናት ላይ ይተፋዋል። ከሥሩ ኮርኒስ ቢኖር ያንን ትፋት ያግደዋል። ከላይ ነጭ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ቆርቆሮው መጀመሪያውኑ ያን ያህል አይግልም። ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬ ከደረሰ በኋላ ከዚራ ላይ የተሠሩትን ቤቶች እዩ፦ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሰፊ በረንዳ፣ ደጃፉ ላይ ዛፍ። ጀጎል ውስጥ ያሉት የሐረሪ ቤቶችም ግድግዳቸው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ቀትር ላይ ስትገቡ ቀዝቀዝ ይላል። ሐረር እኮ ከኛ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ፣ አየሩም ተስማምቷት ነው እንዲህ የተጠነቀቀችው። እኛ ቆላ ተቀምጠን ባዶ ቆርቆሮ ሥር እናስተምራለን።

ኮርኒሱ እስኪሠራ ድረስ ከግንቦት 1 ጀምሮ ትምህርት ጠዋት 1፡00 ይጀመርና 6፡30 ላይ ያበቃል። ቁርስ እንደሚያጣድፋችሁ አውቃለሁ፤ ይቅርታ። ሹራብ ግዴታ አይደለም። ኮፍያ ይፈቀዳል። እያንዳንዱ ልጅ በሃይላንድ ውኃ ይዞ ይምጣ።

እንግዲህ የከሰዓቱ ሙቀት ከኔ ወደ እናንተ ቤት ዞረ ማለት ነው። ብዙዎቻችን መስኮት የምንከፍተው ቀን፣ የምንዘጋው ማታ ነው። ገልብጡት። ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ ክፈቱ፤ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ዝጉና መጋረጃውን ሳቡ። ሌባ ስለሚፈራ ፍርግርግ፣ ትንኝ ስለሚገባ ወንፊት ሽቦ ያስፈልጋል። ኮርኒስ የሌለው ቤት ጣሪያው ከሥር በታጠበ የማዳበሪያ ጆንያም ቢሆን ይሸፈን፤ ማንም አይሳቅበት፣ ይሠራል። ከእሳት ግን ይራቅ። ደግሞ አንድ ነገር ልበልና ተቀየሙኝ፦ በብዙ ቤት ቬንቲሌተሩ ያለው የበርጫው ክፍል ነው። ልጁ የሚያጠናው ጓዳ ነው። ከሰዓት በኋላ እንኳ አቀያይሯቸው።

ውኃ በበርሜል የምታጠራቅሙ፣ ክዳኑን አትርሱ። በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ ድሬን እንዴት እንዳጎሳቆላት እናስታውሳለን። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትፈለፈለው እንዲህ ባለ ክፍት ውኃ ውስጥ ነው፤ የምትናከሰውም ቀን ነው። ከሰዓት የሚያሸልብ ሕፃን አጎበር ይዘርጋለት።

ልጃችሁ በሙቀት ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው ወይም ንግግሩ ከተምታታበት «ይተኛና ይለቀዋል» አትበሉ። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ገላውን በውኃ አርሱት፣ ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት 2፡00 ላይ ኒሙ ዛፍ ሥር እንሰብሰብ። የኮርኒሱንና የቀለሙን ዋጋ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ አስመጥቼ አቀርባለሁ። አምና ሳላማክራችሁ ገዝቻለሁ፤ ዘንድሮ እናንተ ትመርጣላችሁ። አናጺ የሆነ ወላጅ ካለ ቀድሞ ቢሮዬ ብቅ ይበልልኝ። ቴርሞሜትሩንም 4ኛ «ለ» ውስጥ ትቼዋለሁ፤ ገብታችሁ ማየት ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር
ርዕሰ መምህር፣ ድሬዳዋ