ጁን 5 እና ሰኔ 5፦ የሥነ ዜጋ ክበብ የ2013 ዓ.ም. ዘገባ

በመጨረሻው የወላጆች ስብሰባ ላይ «ልጆቹን ፖለቲካ ውስጥ እያስገባችኋቸው አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ተነሥቶ፣ ሰዓቱ አልቆ ሳይመለስ ቀርቷል። እንግዲያው ዘገባው ከዚያው ይጀምር። ክበባችን ዓመቱን ሙሉ ማን ይመረጥ ብሎ የተነጋገረበት አንድም ስብሰባ የለም። ለሕዝብ የመራጮች ትምህርትም አልሰጠንም። ያን ለመስጠት ከብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ እኛ አልጠየቅንም፣ ለመጠየቅም አላሰብንም። የሠራነው አንድ ሥራ ነው፦ አባላቱ ስለ 2013ቱ ሀገር አቀፍ ምርጫ አንድ ነገር ሲሰሙ ምንጩ ድረስ ሄደው እንዲያጣሩ ማለማመድ። ቀኑ መቼ ነው? ምዝገባው የት ነው? ምን ተይዞ ይኬዳል? ጣቢያው ስንት ሰዓት ይዘጋል? ከዚህ ያለፈ ጥያቄ መዝገባችን ላይ የለም። መዝገቡ ቢሮ ስላለ ማንም ወላጅ ገብቶ ማየት ይችላል።

ስለ መደበኛ ስብሰባዎች ብዙ የሚባል የለም። ተማሪው በፈረቃ በሚመጣበት ዓመት ሁሉንም አባል በአንድ ቀን ማግኘት ስላልተቻለ ክበቡ ለሁለት ተከፍሎ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባለችው ክፍል ሲሰበሰብ ከርሟል። ቃለ ጉባኤዎቹ ተሟልተዋል። ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ጋር የተስማማነው በሰልፍ ሰዓት የሚነበበው የሦስት ደቂቃ ማስታወቂያ አምፕሊፋየሩ እስኪቃጠል ድረስ ቀጥሏል።

አሠራሩን ግን በዝርዝር መንገር ያስፈልጋል፤ ለሌላም ክበብ ይጠቅማልና። መዝገቡ አራት አምድ አለው። በመጀመሪያው የተሰማው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ይህ ቀላል ይመስላል፣ ግን ብዙው ልጅ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ምርጫው ተበላሽቷል ይላሉ» ተብሎ የመጣ ነገር ሊጣራ አይችልም። «የኛ ሰፈር ጣቢያ ከነገ ጀምሮ አይመዘግብም» ከተባለ ግን ይጣራል። በሁለተኛው አምድ «ይህን በትክክል ሊያውቅ የሚችለው ማን ነው?» ይጻፋል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የዕጩዎችን ዝርዝር የሚያውቀው ቦርዱ ነው። ስምህ የመራጮች መዝገብ ላይ መኖሩን የሚያውቀው የተመዘገብክበት ጣቢያ ነው። አንድ ፓርቲ ምን ለማድረግ እንዳሰበ የሚያውቀው ራሱ ፓርቲው ስለሆነ፣ ተቃዋሚው ስለ እሱ የሚለው እዚህ አምድ ውስጥ አይገባም። ማን መመዝገብ እንደሚችል ደግሞ ሕጉ ይናገራል፤ የአዋጅ ቁጥር 1162/2011ን ተፈላጊ አንቀጾች ፎቶ ኮፒ አድርገን መዝገቡ ጀርባ ላይ አያይዘናል። በምዝገባው ዕለት 18 ዓመት የሞላው፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ኢትዮጵያዊ፤ ልጆቹ ይህን በቃላቸው ያውቁታል። ሦስተኛው አምድ ምንጩ ያለው ቃል በቃል የሚሰፍርበት ነው። አራተኛው ቀን ነው፤ ምንጩ የተናገረበት ቀንና እኛ ያየንበት ቀን፣ ሁለቱም።

ይህ አራተኛው አምድ መጀመሪያ አልነበረም። የጨመርነው መዝገቡ ራሱ ስላስገደደን ነው። ጥቅምት ላይ ስንጀምር የምናድነው ውሸት መስሎን ነበር። ሚያዝያ ላይ ገጾቹን ወደ ኋላ ስናገላብጥ፣ ልጆቹ ካመጡት ወሬ ብዙው ሆን ተብሎ የተፈጠረ ውሸት ሳይሆን ጊዜው ያለፈበት እውነት፣ ወይም በተሳሳተ አቆጣጠር የተነበበ እውነት ሆኖ አገኘነው። ምርጫው መጀመሪያ ለነሐሴ 2012 ታቅዶ በኮሮና ምክንያት ተላለፈ። ቀጥሎ ግንቦት 28 ተባለ፤ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ደግሞ በመጀመሪያው ሰሌዳ ሰኔ 5 ተያዘ። በመጨረሻ ሰኔ 14 ሆነ። የምዝገባው ማብቂያም ከአንድ ጊዜ በላይ ተራዝሟል። እያንዳንዱ ቀን በወጣበት ዕለት ትክክል ነበር። ቴሌግራም ላይ የሚዞረው ስክሪንሾት ግን ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀኑ ነው።

«ምዝገባ ተዘጋ» የሚለው ወሬ እንዲሁ ነው። አንድ ጣቢያ የሚመዘግበው እስከ 1500 ሰው ነው። ሲሞላ መዝጋቢዎቹ «ሞልቷል» ይላሉ። ያ ሰው ቤቱ ሲደርስ ነገሩ «ምዝገባ ቆሟል» ይሆናል። እውነቱ ያ ጣቢያ መሙላቱ ብቻ ነው፤ ሞልተው ላሉ ቦታዎች ንዑስ ጣቢያ ይከፈታል። ልጆቹ ይህን ያወቁት ከኢንተርኔት ሳይሆን በር ላይ ከተለጠፈች ወረቀት ነው፤ ይህም ወደ ጉዟችን ይወስደናል።

በምዝገባው ወቅት አንድ ቅዳሜ አሥራ አራት አባላት በእግር ወደ ምዝገባ ጣቢያው ሄዱ። ከትምህርት ቤታችን በር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ሥራቸው ከውጭ ቆሞ በር ላይ የተለጠፈውን መገልበጥ ነበር፦ የጣቢያው ስም፣ የሥራ ሰዓት፣ የተለጠፈ ማስታወቂያ ካለ ቀኑ። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ስትጽፍ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ስልካቸውን ዘርግተው ጠጋ አሉ። አሜሪካ ያለች ልጃቸው በቫይበር «ጁን 5 ነው ምርጫው፣ እንዳይረሱ» ብላ ጽፋላቸዋለች። የጎረቤት ልጅ ደግሞ «ሰኔ 5» ብሎ አንብቦላቸዋል፤ እሳቸውም ሰኔ 5ን ይዘዋል።

ልጅቷ ወዲያው አልመለሰችም። ደብተሯን ገልብጣ ከሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ የለጠፈቻትን ሠንጠረዥ አወጣች። ግንቦት 1 ሜይ 9 ነው፤ ሰኔ 1 ጁን 8 ነው። ስለዚህ ጁን 5 ገና ግንቦት ነው። በእርሳስ ቆጠረች፣ 28 መጣ። «እማማ፣ ልጅዎ አልተሳሳተችም፤ ያነበበልዎትም አልዋሸም። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ወሩ ነው የተለየው» አለቻቸው። ቀጠለችና «ለዚህ ከተማ የተባለው ቀን ግን ሌላ ሊሆን ስለሚችል እኔ አልነግርዎትም፤ መዝጋቢዋ ትንገርዎት» ብላ እስከ በሩ ሸኘቻቸው። እሳቸው ካርዳቸውን ይዘው ሲወጡ ልጅቷን ፈልገው መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «በይ እንግዲህ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ማንን ልምረጥ?» አሏት። ልጅቷ ደነገጠች፤ ከዚያ ሣቅ አለችና «እሱንማ ለእኔም እንዳይነግሩኝ፣ እማማ» አለች። ግንባሯን ስመዋት ሄዱ። «ፖለቲካ» ላላችሁን ወላጆች ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

ስህተታችንንም እንናገር። ቀኑ ወደ ሰኔ 14 ሲቀየር የማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ግንቦት 28 የሚለው ወረቀት አራት ቀን ሳይነሣ ቆይቷል። የፈረቃው ነገር ነው፤ አንዱ ቡድን ሌላው ያነሣዋል ብሎ ተወው። ሰው ስለ አሮጌ መረጃ ስንወቅስ የከረምነው እኛው አሮጌ ለጥፈን ተገኘን። ከዚያ ወዲህ የሚለጠፍ ወረቀት ሁሉ ግርጌው ላይ ሁለት ቀን አለው፦ የተጣራበትና የሚነሣበት። የሚያነሣው ተማሪ ስምም አብሮ ይጻፋል።

ሌላው ከሐሰት ደብዳቤ ልምምድ የመጣ ነው። በሀገራችን ሰው የሚያምነው ማኅተም ያለበትን ወረቀት ነው። ስለዚህ አባላቱ ራሳቸው ሐሰተኛ «ደብዳቤ» አዘጋጅተው እርስ በርስ ይመረምራሉ። የደብዳቤ ቁጥር አለው ወይ? ቀኑ በማን አቆጣጠር ነው? የመሥሪያ ቤቱ ስም ሙሉና ትክክል ነው? ፊርማው ላይ ያረፈው ማኅተም ከወረቀቱ ጋር አብሮ ይደበዝዛል ወይስ ብቻውን ጥርት ብሏል? ይህ ሁሉ ግን ጥርጣሬን ያነሣል እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም። ማኅተምን ዛሬ በስልክ መሥራት የደቂቃ ሥራ ነው። ማረጋገጫው ውሳኔውን ከቦርዱ ከራሱ ድረ ገጽ ላይ ማግኘት ነው። አድራሻው በ«ዶት ኢቲ» የሚያልቅ ሲሆን፣ ወደ ፌስቡክና ቴሌግራም ገጾቹም ከዚያው መሄድ ይሻላል። በፍለጋ የተገኘ የቴሌግራም ቻናል አንዲት ፊደል ወይም አንዲት ሰረዝ ጨምሮ ሊመስል ይችላልና። የፌስቡክ ገጽ ከሆነ የገጹን መረጃ ከፍቶ መቼ እንደተከፈተና ስሙ ስንት ጊዜ እንደተቀየረ ማየት ነው፤ አምና የሙዚቃ ገጽ የነበረ ዘንድሮ «የምርጫ ዜና» ቢሆን አይገርምም። ስህተታችን ምን ነበር? ከልምምድ ወረቀቶቹ አንዱ በስልክ ተነሥቶ ወደ አንድ የክፍል ቴሌግራም ግሩፕ ገባ። በሰዓታት ውስጥ ተይዞ ማስተካከያ ተነገረ። አሁን የልምምድ ወረቀት ሁሉ «ልምምድ» የሚል ቃል በቀይ እስክሪብቶ መሃሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ይጻፍበታል፣ ሲያበቃም ይቀደዳል። የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ቀልድ እንዳልሆነም ልጆቹ ተነግሯቸዋል።

ሰኔ 14 ሰኞ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። «ጁን 21» የሚለውን «ሰኔ 21» ብሎ ያነበበ ሰው በዕለቱ ስም ልመልሰው ቢሉት አይመለስም፤ ሰኔ 21ም ሰኞ ነው። ለዚህ ነው «ቀኑን ከዕለቱ ጋር አመሳክሩ» የሚለው የተለመደ ምክር ብቻውን የማይበቃው። በዚህ ወር ያለው ልዩነት ልክ ሰባት ቀን ስለሆነ ዕለቱ ሁልጊዜ ይገጥማል፣ ስህተቱም ተደብቆ ያልፋል።

የዕለቱ ፈተና ግን ሰዓት ሆኖ መጣ። ጣቢያዎች የሚዘጉት ከምሽቱ 12 ሰዓት ነበር። በአዲስ አበባ ሰልፉ ረዝሞ አመሻሽ ላይ «እስከ 9 ተራዝሟል» የሚል መልእክት በክበቡ ግሩፕ ደረሰ። አንዱ «ውሸት ነው፣ 9 ሰዓትማ አልፏል» ብሎ ጻፈ። ሁለተኛዋ «ካለፈ ‹ተራዝሟል› እንዴት ይባላል? በፈረንጅ ሰዓት ይሆን?» አለች። ሦስተኛው ከቦርዱ አፈላልጎ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት መራዘሙን አመጣ። ይህ ሁሉ ሰባት ደቂቃ ወስዷል፤ በግሩፑ ላይ ተመዝግቦ አለ። አንድ የ12ኛ ክፍል አባላችን 18 ሞልቶት ተመዝግቦ ነበርና፣ ዝናብ ሽሽት ከሰልፍ ወጥቶ ቤቱ የገባው በዚያ መልእክት ተመልሶ ሄደ። ሐምሌ 3 ቦርዱ ውጤቱን ይፋ ሲያደርግ ልጆቹ ከየጣቢያው በር ላይ ከተለጠፈው ውጤት ፎቶ ያነሡትን ይዘው ነበር። ያንን ማመሳከሩ የሚቀጥለውን ዓመት ይጠብቃል፤ ፈተና ደርሷል።

አሁን ስለ ገንዘብ። ክበቡ በዓመቱ ከትምህርት ቤቱ የተቀበለው ሁለት ደስጣ ወረቀትና አንድ የሰሌዳ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ የሚቆልፈው መስታወት የሌለውን ሰሌዳ ነው። የግንቦት ዝናብ ሁለት ጊዜ ወረቀታችንን አጥቦታል። የኮምፒውተር ክፍሉ ለእኛ የተፈቀደው ኢንተርኔቱ በተቋረጠበት ወር ስለነበር፣ ፍለጋው ሁሉ የተሠራው በልጆቹ ስልክና በልጆቹ የካርድ ብር ነው። ስልክ የሌለው ልጅ በምርመራው ተመልካች ሆኖ ከርሟል፤ ይህ መሆን አልነበረበትም። የእግር ኳስ ቡድናችን በዓመት ሁለት መለያ መቀየሩ ያስደስተናል። ከሁለተኛው መለያ ዋጋ ግማሹ ግን የኛን የዓመት ወጪ ይሸፍናል።

ለ2014 የምንጠይቀው ይህን ነው፦ ለሰሌዳው መስታወት፣ ለመዝገብ ሁለት ባለ ጠንካራ ሽፋን ደብተር፣ በየወሩ የሚሞላ መጠነኛ የኢንተርኔት ጥቅል፣ እና የክበቡ ንብረት ሆኖ ቢሮ የሚቀመጥ አንድ ስልክ። ስልኩ አዲስ መሆን የለበትም። መስታወቱ የተሰነጠቀም ይሁን፤ ባትሪው ብቻ እስከ ምሳ ሰዓት ይቆይ።