የእናቶችና የሴቶች ጤና ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ከኮሌጁ ክበባት ሁሉ ድምፁ የማይሰማ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ መድረክ አያቆምም፣ ባነር አያሰቅልም፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በክህሎት መለማመጃ ክፍል ተሰብስቦ በሞዴል ላይ ሲለማመድ ያመሻል። አባላቱ በአብዛኛው የነርሲንግ ተማሪዎች ናቸው። የዓመቱ ሥራችን መነሻም ይኸው ነው፤ ማዋለድ የአዋላጅ ነርሶች ሙያ መሆኑ ባይካድም፣ በገጠር ጤና ጣቢያ በሌሊት ተረኛ ሆና የምትገኘው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ጠቅላላ ነርስ ስለሆነች፣ በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧትን ምጥ የጠናባትን እናት «አዋላጇ እስክትመጣ ጠብቂ» ማለት አይቻላትም።

በሀገራችን የተካሄዱት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ በጤና ተቋም የሚወለዱ ሕፃናት ድርሻ እ.ኤ.አ. በ2011 ከመቶ 10፣ በ2016 ከመቶ 26 የነበረ ሲሆን፣ በ2019 ከመቶ 48 ደርሷል። የእናቶችን ሞት በተመለከተ በትምህርት ላይ ዘወትር የሚነሱት መዘግየቶች ሦስት ናቸው፤ ወደ ጤና ተቋም ለመሄድ በመወሰን፣ በመንገድ፣ ከደረሱም በኋላ ተገቢውን እንክብካቤ በማግኘት የሚታዩት ናቸው። እናቶቻችን የመጀመሪያውን እየተሻገሩት ከሆነ፣ ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ የእኛ ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህም የዘንድሮውን ዕቅድ ስናወጣ ርእስ ማብዛቱን ትተን፣ ጥቂቶቹን እጅ እስኪለምዳቸው ድረስ ደጋግሞ መሥራትን መረጥን።

የመጀመሪያውን መንፈቀ ዓመት ከሞላ ጎደል የያዘው ከወሊድ በኋላ የሚከሰት የደም መፍሰስ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ማህፀንን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን 10 ዩኒት በጭን ጡንቻ መስጠትን፣ እትብቱን በጥንቃቄ በመሳብ የእንግዴ ልጁን ማውጣትን፣ ማህፀኑ መጠንከሩን በእጅ ዳስሶ ማረጋገጥን አባላቱ በሞዴሉ ላይ ተራ በተራ ሠርተዋል። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ኃይሉን ስለሚያጣ፣ የማቀዝቀዣውን ቴርሞሜትር ማንበብና መመዝገብም የልምምዱ ክፍል እንዲሆን አድርገናል፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለምትመደብ ነርስ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁሉ ይበልጥ ያስተማረን ግን የፈሰሰ ደምን መጠን የመገመት ልምምዱ ነበር። ሁለት አባላት ቀይ ሥር ቀቅለው ውሃውን አጠለሉና፣ መለኪያ ባለው ጆግ እየሰፈሩ 300፣ 500 እና 1,000 ሚሊ ሊትር በጎዝ፣ በአሮጌ ነጠላ፣ በላስቲክና በብርድ ልብስ ላይ አፈሰሱት። የቀሩት አባላት እየተዘዋወሩ የፈሰሰውን መጠን በቁራጭ ወረቀት ላይ ገመቱ። ላስቲኩ ላይ የተንጣለለውን አጋነው ሲጽፉት፣ ብርድ ልብሱ ውጦ ያስቀረውን አንድ ሊትር ግን አብዛኞቹ ከግማሽ በታች አደረጉት። በምጥ የወለደች እናት 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም ከፈሰሳት ችግሩ ተከስቷል የሚባል ሲሆን፣ ዓይናችን ግን ሊትሩን እንኳ ማየት አልቻለም። ከዚያች ሐሙስ ወዲህ በክበባችን «ትንሽ ፈሷታል» የሚል አነጋገር አይታለፍም፤ ወዲያው «ስንት ሚሊ ሊትር?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል።

በዚሁ አጋጣሚ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ የተካሄደውንና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመውን ጥናት ተወያይተንበታል። ጥናቱ ደሙን በመስፈሪያ ምልክት ባለው የላስቲክ ከረጢት መለካትና፣ ማህፀን ማሸትን፣ የማህፀን ማኮማተሪያ መድኃኒትን፣ ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ትራኔክሳሚክ አሲድን፣ የደም ሥር ፈሳሽንና ምርመራን አንድ ላይ ሳይዘገዩ መስጠት፣ ከባድ መፍሰስንና ተከታይ ጉዳቶቹን ከመቶ 60 ያህል እንደቀነሰ አሳይቷል። አባላቱ ለልምምድ ያህል የራሳቸውን ከረጢት ከላስቲክ ሠርተው በማርከር ምልክት አድርገውበታል። መልኩ ባያምርም ልኩ ትክክል ነው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ወደ እርግዝና ደም ግፊት ስናልፍ ችግር የሆነብን ስሌቱ ነበር። በደም ግፊቱ ሳቢያ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ከሚከላከለው ባለ 50 ከመቶ ማግኒዚየም ሰልፌት 8 ሚሊ ሊትር ወስዶ 12 ሚሊ ሊትር ንጹሕ የመርፌ ውሃ በመጨመር 4 ግራሙን በ20 ከመቶ አዘጋጅቶ ቀስ ብሎ በደም ሥር መስጠት፣ ከዚያም በእያንዳንዱ መቀመጫ 5 ግራም መውጋት በወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ አጠገብ አንዲት እናት እየተንቀጠቀጠች ነው ተብሎ ሰዓት ሲያዝ ግን የክፍሉ ጎበዞች ሳይቀሩ ተደነጋግረዋል። የሚቀጥለው መጠን ከመሰጠቱ በፊት የጉልበት ምላሽ መኖሩን፣ ትንፋሽ በደቂቃ ከ16 አለማነሱን፣ ሽንት በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለመውረዱን ማየት፣ ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔትም በቅርብ መኖሩን ማረጋገጥ ለብዙዎቹ ልማድ ሆኖላቸዋል።

በዚሁ ርእስ በተዘጋጀው የሚና ጨዋታ አንዲት ተማሪ ከጣና ሐይቅ ደቅ ደሴት ለቅድመ ወሊድ ክትትል የመጣች እናት ሆና ቀረበች። «ራሴን ይፈልጠኛል፣ ዓይኔ ላይም ብዥ ይልብኛል» ስትል፣ ነርስ የሆነችው ተማሪ ግፊቷን በአግባቡ ለክታ፣ 150 በ100 ብላ ካርዱ ላይ ጻፈችና «ሪፈር (ወደ ከፍተኛ ሕክምና መላኪያ) ይጻፍልሻል» ብላ ዝም አለች። ከተመልካቾቹ አንዷ «እህቴ፣ በምን ነው የመጣሽው? ማንስ አብሮሽ አለ? ብለሽ ጠይቂያት እንጂ!» አለቻት። አስተያየቷ ትክክል ነበር። ለባሕር ዳር ልጅ ሪፈር ማለት አምቡላንስ መጥራት ሲሆን፣ ለደሴት እናት ግን ጀልባ ማግኘትና ማዕበሉ ጸጥ እስኪል መጠበቅ ሊሆን ይችላል። የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ በእናቶች ማቆያ እንድትቆይ መምከርም በክትትሉ ወቅት እንጂ ምጥ ከመጣ በኋላ የሚነሳ ጉዳይ አይደለም።

ዓለም አቀፉ የአዋላጆች ቀን ከአርበኞች የድል በዓል ጋር ሚያዝያ 27 ስለሚውልና ኮሌጁ ስለሚዘጋ፣ ውይይታችንን በዋዜማው አደረግን። ርእሱ ፊስቱላ ነበር። ምጥ ለቀናት ሲጓተት የሕፃኑ ራስ የእናቲቱን ፊኛ ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ደም እንዳይደርሰው ስለሚያደርግ፣ ሥጋው ሞቶ ይቀደድና ሽንት ያለማቋረጥ ይፈስሳል። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታሉን ከመሠረቱ በኋላ በከተማችን በባሕር ዳርም ማዕከል ተከፍቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተቋቁሟል። የተቀደደውን መስፋት ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። መከላከያው ካሉን መሣሪያዎች ሁሉ ርካሽ የሆነው ፓርቶግራፍ፣ ማለትም የምጥ ሂደት በነጥብ የሚመዘገብበት ቅጽ ነው፤ የማህፀን በር 4 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተ በኋላ በሰዓት ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ካልሰፋ፣ ነጥቦቹ የማስጠንቀቂያውን መስመር አልፈው ይናገራሉ። ከወሊድ በኋላ ለሪፖርት ሲባል ብቻ የሚሞላ ፓርቶግራፍ ግን እናቲቱን አልጠቀማትም፤ እንዲህ ያለው ልማድ በየቦታው እንደሚታይ ለተማሪዎቻችን ከመደበቅ ይልቅ ነግሮ ማስጠንቀቁን መርጫለሁ።

ስለ ማህፀን በር ካንሰር አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነበረን። ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በአሴቲክ አሲድ የሚደረገውን ምርመራ በሥዕል አየን እንጂ አልተለማመድንም። የቤተሰብ ዕቅድ ልምምዱም አባላቱ ለተግባር ትምህርት ወደ ጤና ጣቢያዎች በመውጣታቸው ሳይካሄድ ቀርቷል፤ ክንድ ላይ የሚቀበር መከላከያ የሚለማመዱበት ሞዴልም ቆዳው ተቀድዶ አዲስ ይፈልጋል።

ወንድ አባላት ጥቂት ናቸው። ከእነርሱ አንዱ «እናቶች ወንድ አይፈልጉም» በማለት ሊወጣ ነበር፤ የምትፈልግም የማትፈልግም እናት ትኖራለች፣ የአንተ ድርሻ ፈቃዷን መጠየቅ፣ መጋረጃውን መሳብና ሴት ባልደረባ አጠገብህ እንድትቆም ማድረግ ነው አልኩት። በሞዴሉ ላይ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለትን ያስለመደን እርሱ ነው፤ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁበት፣ በኋላ ግን ሁሉም ይሉት ጀመር።

የክበቡ መዝገብና የመለማመጃ ቁሳቁስ ዝርዝር ለመጪው ዓመት ኮሚቴ ተላልፏል። ምዝገባ በጥቅምት ይጀመራል፤ ከሁለቱም ጾታ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ቅድሚያ ይሰጣቸዋል። የመጀመሪያው ሐሙስ ልምምድ የቤተሰብ ዕቅድ ይሆናል።