የመንግሥት ትምህርት ቤት ምርጫን ለሚመለከተው የወላጆች ውይይት የቀረበ ጥሪ

ውድ የቡድናችን አባላት፣

በመጪው ዓመት አንደኛ ክፍል ለሚገቡ ልጆቻችን በከተማችን ስላሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችና ከመደበኛው ትምህርት በተጨማሪ ስለሚሰጡ የማበልጸጊያ ፕሮግራሞች ለመወያየት በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በመዋዕለ ሕፃናቱ አዳራሽ ስለምንሰበሰብ እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን።

እያንዳንዳችሁ ስለምታውቁት አንድ ትምህርት ቤት የምዝገባውን የመጨረሻ ቀንና የሚጠየቁትን ሰነዶች፣ በአንድ ክፍል የሚማሩትን ልጆች ብዛት፣ እንዲሁም ጠዋት መንገድ በሚጨናነቅበት ሰዓት ከቤት እስከዚያ የሚወስደውን ጊዜ ጽፋችሁ ብትመጡ ውይይቱ በወሬ ላይ አይመሠረትም። የፈተና ውጤትንም ማምጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ውጤቱ ከመምህራኑ ጥረት ባልተናነሰ የተማሪዎቹን የቤት ሁኔታ ስለሚያንጸባርቅ ብቻውን መመዘኛ ሊሆን አይገባም።

ማበልጸጊያ የሚባለው ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑንም ልብ ይሏል፤ አንዱ የቀጣዩን ክፍል ትምህርት አስቀድሞ ሲያስተምር፣ ሌላው ልጁ ያለበትን ክፍል ትምህርት በሙከራ፣ በንባብና በሥነ ጥበብ ያሰፋዋል። በእኔ አስተያየት በዚህ ዕድሜ ሁለተኛው ይመረጣል፤ ውሳኔው ግን የጋራችን ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰጥ ፕሮግራም እንዲከፈት በጋራ ደብዳቤ እንጠይቅ ወይስ አንጠይቅ የሚለውን በዕለቱ በድምፅ እንወስናለን።

መገኘት አለመገኘታችሁንና የምታቀርቡትን ትምህርት ቤት ስም እስከ ሐሙስ ማታ በዚሁ ቡድን እንድታሳውቁን እንጠይቃለን።

አስተባባሪው