ለአባባ፣ ስለ እማዬ ወረቀት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ጅማ

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሚጡ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ እርስዎን መስላለች። ትልቁ ሚኒስትሪ ሊፈተን ነው፤ ከስልኩ ላይ ግን ማን ያንሳው።

ለእማዬ ሙት ዓመት የሚነበበውን ጽሑፍ በቴሌግራም አየሁት። ፊደል እንዳርም ነበር የጠየቁኝ። ፊደሉ ምንም አይልም። ግን አባባ፣ ምነው? ጎማ ወረዳ ተወለደች፣ አገባች፣ አምስት ልጅ ወለደች፣ አረፈች። ከዚያ በኋላ ግማሹ ገጽ የእኛ ዲግሪ ነው። የኔ የሒሳብ ሹምነት እሷ ሙት ዓመት ላይ ምን ይሠራል?

እስቲ የማውቀውን ልጻፍ፤ የሚሆነውን ይውሰዱ።

ልጅ ሳለች የአባቷ ቡና ሲጠቁር አይታለች። ያ የቡና በሽታ አገራችን መግባቱ የታወቀው በ1963 ነው። ፍሬው ገና አረንጓዴ እያለ ይጠቁርና ይረግፋል። ኋላ መልኮ ካለው የምርምር ማዕከል በሽታውን የሚቋቋመው 74110 የተባለው የቡና ዝርያ ሲወጣ፣ ከሰፈሩ ቀድማ ችግኙን የተከለችው እሷ ናት። ወደ አጋሮ ስንሄድ ሚኒባሱ መልኮን ባለፈ ቁጥር «ባለ ቁጥሩን ቡና የሰጡን እነዚህ ናቸው» ትለን ነበር።

ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ቀን ቡና ስትለቅም ውላ፣ ማታ በኩራዝ። የምስክር ወረቀቷ ከግብር ደረሰኝዎ ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አለ፤ ቁምሳጥኑ ላይ፣ በስተቀኝ። እሱ ይጻፍ።

ጀንፈሉን፣ ከነገለባው የሚደርቀውን ቡና፣ በእፍኟ ዘግና ጆሮዋ ሥር ታንቀጫቅጨውና «ገና ነው፣ ይሰጣ» ትል ነበር። ነጋዴ በፈረሱላ ሲያጭበረብራት አላየሁም፤ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ 17 ኪሎ ደግሞ 17 ኪሎ ነው። መሬት ላይ የተሰጣ ቡና አፈር አፈር ይላል ብላ የማድረቂያ አልጋ ያሠራችውም እሷ ናት። እርስዎ «ለቡና ደግሞ አልጋ!» ብለው ስቀውባታል። በዓመቱ ግን ሁለተኛውን አልጋ ራስዎ ሠሩላት። ይኼም ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

ቀጣዩን ልተወው ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። 1994ን ለምን ዘለሉት? የዓለም ገበያ ወድቆ ቡና ዋጋ ባጣበት ዓመት ቡናውን በአበባው ሸጡት። ለማን ብለው እንደሆነ አውቃለሁ። አጎቴን ነፍሱን ይማረው፣ እሱን አላነሳም። ግን ከአባቷ የወረሰችውን፣ በእጇ የተከለችውን፣ ሳይነግሯት ነው የሸጡት። ጥቅምት ሲደርስ ቀዩን ቡና የለቀመችው እሷ፣ ኬሻውን የጫነው ሰውዬው። ከዚያ ጅማ መጋዘን ገብታ በቀን ሥራ ቡና ስታበጥር ከረመች። ምናልባት የራሷው ቡና ነበር እፊቷ የተከመረው። የኔ የዩኒፎርም ብር የመጣው ከዚያ ነው። እርስዎን አንድም ቀን ስትወቅስ አልሰማሁም። እርስዎም አንድም ቀን «በደልኩሽ» ሲሏት አልሰማሁም።

ሁሉም ይጻፍ አላልኩም። «የቡና ዋጋ በወደቀ ጊዜ መጋዘን ውላ ቤቷን ያኖረች» ይበል፣ በቃ። ሽያጩን የሚጠይቅ የለም።

የግፊት ክኒኑን እየዋጡ ነው? ሲሻለኝ ተውኩት የሚሉት ነገር አያዋጣም። የጂሬንን ዳገትም በእግርዎ አይውጡት፤ ባጃጅ ይያዙ። ብሩን እኔ እልካለሁ።

ቡናው ይጎንደል ብለዋል አሉ። ጥሩ ነው፣ አርጅቷል። ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲም አስቀርቶ በሰያፍ መቁረጥ ነው፣ ውኃ እንዳይቋጥር። ግን ሁሉንም በአንዴ እንዳያስቆርጡት፤ በየዓመቱ ከፈል ከፈል እያሉ ይሻላል። የተጎነደለው ደህና ፍሬ እስኪሰጥ 2 ወይም 3 ዓመት ይፈጃል። እስከዚያ ደግሞ...

እስከዚያ ብቻዎን እንዲሆኑ አልፈልግም። ይኼው ወጣልኝ። ክረምቱን እኛ ጋ ይምጡ። ከክረምቱ በኋላ ያለውን ያኔ እናወራዋለን። ክፍሉ ፀሐይ ይገባዋል፣ ሽንት ቤቱም ቅርብ ነው። ሚጡ «አባባ የኔ አልጋ ላይ ይተኛ» ብላለች፤ እሷ ስትራገጥ ስለምታድር አላውቅም።

ወንድሜ እሁድ ይደውልልዎታል፤ መሬቱን ለሰው ስለማስተላለፍ ያነሳል። እኔ አልተስማማሁም። እንደነገርኩዎት ግን እንዳያውቅ።

ጽሑፉን አስተካክዬ መልሼ ልኬዋለሁ። የእኛን ዲግሪ ሰርዤዋለሁ። ከማሳተምዎ በፊት ያንብቡት። ቢቆጡም ይደውሉልኝ፤ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ።

ልጅዎ