ጀልባ ለማውረድ የሚገዛ ትራክተር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በላንጋኖ አሸዋማ ዳርቻ ጀልባ ለማውረድ ትራክተር የምትመርጡ፣ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት የፊት ጎማውን እዩ። አንድ ቶን ለሚመዝን ጀልባ ከነተጎታቹ 50 የፈረስ ጉልበት ይበቃል። በኋላ እግሩ ብቻ የሚነዳ ከሆነ ግን ቀጫጭኑ የፊት ጎማ አሸዋውን እንደ ማረሻ ይሰነጥቀዋል፤ መሪም አይታዘዝም። በአራቱም እግሩ የሚነዳ፣ ጎማው ሰፊ የሆነ ይሻላል። ጎማው ባለበት ከዞረ ነዳጅ መስጠት ይቁም፤ አለዚያ እስከ አክሰሉ ይቀበራል።

ዋናው ነገር ትራክተሩን ከውሃ ማራቅ ነው። የተጎታቹን መጎተቻ በወፍራም ብረት 3 ሜትር ያህል አስረዝሙት። በብረቱ ፈንታ ገመድ ብታስሩ፣ ጀልባውን ለማውጣት እንጂ ወደ ውሃ ለመግፋት አይሆንም። ውሃው የኋላ አክሰል ከደረሰ በመተንፈሻውና ባረጀ ፓራኦልዮ (ዘይት እንዳይፈስ በሚይዘው ላስቲክ) ሰርጎ ይገባል፤ ዘይቱ ወተት ከመሰለ ሳይውል ሳያድር ይቀየር። የተጎታቹ ኩሽኔታም (ጎማው የሚሽከረከርበት) ከረጅም ጉዞ በኋላ ትኩስ እንደሆነ ውሃ ከነካው፣ ሲቀዘቅዝ ውሃ ይስባል። እጅ ሲነካው እስኪበርድ ጠብቁ፤ ግራሶም አትንፈጉት። የረጠበ ፍሬን ስለማይታመን ታኮ (ጎማ ስር የሚደረግ ማገጃ) ይዞ የሚቆም ረዳት ያስፈልጋል። የላንጋኖ ውሃ ሶዳ አለበትና ትራክተሩም ተጎታቹም ማታውኑ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ።