ስለ ቀድሞው ሊቀመንበራችን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት አርባቸው የወጣውን፣ ከኮተቤ አልፎ በካራ አካባቢ የቀበሌያችን ሊቀመንበር የነበሩትን አባት በአጭሩ ላነሣቸው እወዳለሁ፤ ቤተሰባቸው ስማቸው በጋዜጣ እንዳይወጣ ስለጠየቀ፣ እንደ ሰፈሩ ልማድ ጋሼ እላቸዋለሁ።

ቀበሌ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 መሠረት ከተቋቋመ ወዲህ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው የሚያስታውሰው መታወቂያውንና የኅብረት ሱቁን ብቻ ሳይሆን በደርግ ዘመን እስር ቤት የነበረውን ክፍልም ነው። ጋሼ ደርግ ከወደቀ በኋላ ሲመረጡ ይህ ትዝታ ገና ስላልበረደ፣ ባለጉዳይ ቢሮ ከመግባት ይልቅ መንገድ ላይ ጠብቆ ማነጋገርን ይመርጥ ነበር።

እሳቸውም ነገሩ ስለገባቸው ጠዋት ጠዋት ቢሯቸውን ቦኖው አጠገብ አደረጉት። የለገዳዲ ውኃ ወደ መሐል ከተማ ሲወርድ እኛ ቢጫ ጀሪካን ይዘን በምንሰለፍበት በዚያ ዘመን፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ደብተራቸውን ከካፖርታቸው ኪስ አውጥተው፣ ነፍሰ ጡርንና አቅመ ደካማን እያስቀደሙ ተራ ይመዘግቡ ነበር። ባለቤታቸው አንድ ቀን ተራ ሊያልፉ ሲሉ «እመቤት፣ ወደ ኋላ!» ያሉበትን ድምፅ እስከ ዛሬ የሚያስመስሉ ጎረምሶች አሉ።

እንከን አልነበረባቸውም አልልም፤ ግትር ነበሩ፣ ስብሰባ ማስረዘምም ይወዱ ነበር (የእድራችን ዳኛ በእሳቸው ንግግር መሐል ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዷቸዋል)። ሆኖም ሥልጣናቸውን ሲለቁ ይዘውት የወጡት ያንኑ ደብተር ብቻ ነው።

ዛሬ ቦኖው ደርቆ ሲሚንቶው ቀርቷል። የሚመለከተው ክፍል ቦታውን ለሱቅ ከመስጠቱ በፊት፣ ቢያንስ አንድ አግዳሚ ወንበር እንዲተከልበት እንጠይቃለን።

ከካራ ነዋሪዎች አንዱ