ሮኪ አላሸነፈም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ቦክሰኛው ሮኪ ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደስ ብሎኝ ነበር ማንበብ የጀመርኩት። በእናንተ ገጽ ላይ ቦክስ የሚል ቃል ማየት ለእኔ እንደ ዓመት በዓል ነው። ስድስተኛው ፊልም ላይ ስደርስ ግን ደሜ ፈላ። «አዛውንቱ ሮኪ ወጣቱን ሻምፒዮን አሸንፎ ተከታታዩን ከውድቀት አዳነው» ይላል።

አላሸነፈም። ተሸንፏል!

እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው «ሮኪ ባልቦአ» ሽማግሌው ከወጣቱ ሻምፒዮን ከሜሰን ዲክሰን ጋር አሥር ዙር ተፋልሞ በዳኞች ድምፅ ተሸነፈ። ሁለቱ ዳኞች ለዲክሰን፣ አንዱ ለሮኪ። ውጤቱ ሲነገር እሱ ከሪንጉ ወርዶ እየሄደ ነበር፤ ሕዝቡ ያጨበጭብለታል። ምናልባት ጸሐፊያችሁ ጭብጨባውን ሲሰማ «በቃ አሸነፈ» ብሎ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ይሆናል።

«ፊልም አይደል እንዴ፣ ምን ያናድዳል?» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ረጋ ብለን እንየው። በ1976 በወጣው የመጀመሪያው ፊልም ሮኪ በሻምፒዮኑ በአፖሎ ክሪድ የተሸነፈው እንዲሁ ሁለት ለአንድ በሆነ ድምፅ ነው። ፊልሙ ግን የምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰደ። ከዚያ በኋላ ማሸነፍ መጣ። በሁለተኛው አፖሎን አሸነፈ። በሦስተኛው ክለበር ላንግን በመልሱ ግጥሚያ ዘረረ። በአራተኛው ሞስኮ ድረስ ሄዶ ድራጎ የተባለውን ቦክሰኛ ጣለና የሶቪየትን ሕዝብ አስጨበጨበ፤ ቀዝቃዛውን ጦርነት ብቻውን ሊጨርሰው ምንም አልቀረውም። ቤቱ ውስጥ የሚያወራ ሮቦት ሁሉ ነበረ። የ1990ውን አምስተኛውን ባናነሳው ይሻላል። እሱ መንገድ ላይ በተደረገ ድብድብ ነው ያለቀው።

ሮኪን ሆኖ የሚሠራው ሲልቬስተር ስታሎን ከ16 ዓመት በኋላ ሲመለስ 60 ዓመቱ ነበር። ራሱ ጻፈው፣ ራሱ ዳይሬክት አደረገው። ብዙ ሰው ገና ሳያየው ሳቀበት። ፊልሙ ውስጥ ሚስቱ ኤድሪያን በካንሰር ሞታለች። በስሟ በሰየመው ሬስቶራንት ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ የድሮ ፍልሚያውን ለደንበኞች ሲተርክ ያመሻል። ልምምዱም ውሸት የለበትም። ዕድሜ ቀድሞ የሚወስደው እግርን ነው፤ የቡጢ ክብደት ግን ቶሎ አይሄድም። አሠልጣኙ ዱክም ይህንኑ ነው የሚነግረው፤ አንገቱም መገጣጠሚያውም አልቋል፣ ፍጥነት አይታሰብም፣ የቀረው ጉልበት ብቻ ነው። ዲክሰንን ሆኖ የሠራው አንቶኒዮ ታርቨር ደግሞ የምር ቦክሰኛ ነው። በ2004 ታዋቂውን ቦክሰኛ ሮይ ጆንስ ጁኒየርን በሁለተኛው ዙር በዝረራ አሸንፎታል። ይህን ሰው ጡረተኛ ቢያሸንፈው ኖሮ፣ አምስተኛው ፊልም በስንት ጣዕሙ!

የሚገርመው ደግሞ ሮኪ የሚያሸንፍበት መጨረሻም ተቀርጾ ነበር። ዲቪዲው ላይ አለ። ስታሎን ሁለቱንም በእጁ ይዞ ሽንፈቱን መረጠ። የጣለውን ጸሐፊያችሁ አንስቶ መለሰለት።

እንዲያ ያሞገሳችሁት የ2015ቱ «ክሪድ»ስ በምን ነው ያለቀው? የአፖሎ ልጅ አዶኒስ በሪኪ ኮንላን ሁለት ለአንድ በሆነ የዳኞች ድምፅ ይሸነፋል። ዳይሬክተሩ ራያን ኩግለር ነገሩ ገብቶታል ማለት ነው።

ይህን ያህል ለምን እንደተንጨረጨርኩ ልንገራችሁ። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ቦክስ እጫወት ነበር። የመጨረሻ ግጥሚያዬን በነጥብ ተሸነፍኩ። በማግስቱ አንድ ጋዜጣ፣ የእኔን ስም እንኳ ሳይጠራ፣ ያሸነፈኝ ልጅ «ተጋጣሚውን በቀላሉ አሸነፈ» ብሎ ጻፈ። በቀላሉ! ልጁ ሳምንት ሙሉ ከሾርባ ሌላ ምግብ ማኘክ አልቻለም። ሽንፈቱን ያኔም ተቀብያለሁ። «በቀላሉ» የምትለዋን ግን እስከ ዛሬ አልተቀበልኳትም።

ሌላም አለ። «የአገራችን ተመልካች ሮኪን ያወቀው በኢንተርኔት ነው» ብላችኋል። እኛ ታዲያ በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ስናይ የነበረው ማንን ነው? ከዚያ ወጥተን ማዳበሪያ ከረጢት በአሸዋ ሞልተን መደብደብ የጀመርነውስ? አንዳንዶቹ ጓደኞቼ ዛሬም ልጆች ያሠለጥናሉ። ጓንት በተራ ነው የሚደረገው። ከእናንተ ዘንድ ብቅ ብሎ ያያቸው የለም። የእንግሊዝ ተከላካይ ሲያስነጥሰው ግን ሰበር ዜና ነው።

ስለዚህ እርማት አውጡ። ረጅም አያስፈልግም፤ ውጤቱን ብቻ አስተካክሉ። ቦታ ከጠበባችሁ ከማንቸስተር ዩናይትድ የዝውውር ወሬ አንዷን ዝለሏት፤ ነገ ተመልሳ ትመጣለች።

አንድ የቀድሞ ቦክሰኛ
ከአዲስ አበባ